የመጀመሪያ ደመወዝ የት ይቀመጥ? ለደሴና ለኮምቦልቻ ወጣቶች የቁጠባና የብድር መንገዶች ንጽጽር

የእህቴ ልጅ ኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ ስፌት ላይ ከገባች ወር ሞላት። ደመወዟ በገባ በማግስቱ ቅዳሜ ነበርና የሀረጎን ዳገት ወጥታ ደሴ እኔ ዘንድ መጣች። ቡናው እስኪፈላ እንኳ አልጠበቀችም፤ ስልኳን አውጥታ ከባንኩ የተላከላትን መልእክት አሳየችኝና «አክስቴ፣ ይኼን ብር ምን ላድርገው?» አለች። አብረዋት ቤት የተከራዩት ልጆች ሁሉም የየራሳቸውን መክረዋታል። አንዷ እቁብ ግቢ ትላለች፤ ሌላዋ የሠራተኞች የቁጠባ ማህበር ይሻልሻል ትላለች፤ ሦስተኛዋ ቴሌብር ላይ ተይው ትላለች። እናቷ ደግሞ «ለእኔ ስጪኝ፣ እኔ አስቀምጥልሻለሁ» ብላታለች።

እኔ ደሴ ፒያሳ አካባቢ የአንድ ሳምንታዊ እቁብ ጸሐፊ ሆኜ 9 ዓመት ቆይቻለሁ። በእነዚህ ዓመታት ብር የሚሰበስብ እጅም፣ ብር የሚያፈስ እጅም በቅርብ አይቻለሁ። ያን ዕለት ለእሷ የነገርኳትን ነው እዚህ ሰፋ አድርጌ የጻፍኩት። ልጃቸው ሥራ ለያዘላቸው ወላጆችም፣ ለራሳቸው ለወጣቶቹም ነው።

መለኪያው ምን ይሁን?

ብዙ ሰው ሲያማርጥ ቀድሞ የሚጠይቀው «ወለዱ ስንት ነው?» ብሎ ነው። ለጀማሪ ግን ይህ የመጨረሻው ጥያቄ ነው። ብሔራዊ ባንክ ዝቅተኛውን የቁጠባ ወለድ 7 በመቶ ያደረገው በ2010 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ነው። በዚህ ስሌት በየወሩ 1,000 ብር የሚያስገባ ልጅ በዓመቱ 12,000 ብር ይኖረዋል፤ ወለዱ 455 ብር ገደማ ይመጣለታል። በ2014 ዓ.ም. የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ በላይ እንደነበር እናስታውሳለን፤ ያን 455 ብር ዘይትና ጤፍ በአንድ ወር ውጠውታል። ለልጁ ለውጥ የሚያመጣለት 12,000 ብሩ ሳይነካ ዓመት መድረሱ ነው። አብዛኛው ወጣት የሚሸነፈውም እዚህ ላይ ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄ «ሳልፈልግም እንድቆጥብ የሚያስገድደኝ ምንድን ነው?» ይሁን። ሁለተኛው፣ እናቴ ብትታመም ወይም አከራዬ ውጪ ቢለኝ ብሩ በስንት ሰዓት ወይም በስንት ቀን እጄ ይገባል? ሦስተኛው፣ ክፉ ቀን ቢመጣ፣ ሌባ ቢገባ፣ ሰው ቢሰደድ፣ ኔትወርክ ቢጠፋ፣ ብሩ ይተርፋል? አራተኛው፣ እኔ ብደናቀፍ ዕዳው ማን ላይ ይወድቃል? ወሎ ነንና አምስተኛም አለ፤ ለብዙ ሙስሊም ቤተሰብ ወለድ መንካት አለመንካት ራሱን የቻለ መለኪያ ነው፣ እንደ ትርፍ ነገር ሊታይ አይገባም።

እቁብ

በማስገደድ እቁብን የሚያህል የለም። ደመወዝ በገባ ቀን ዳኛው ይደውላል፣ ጸሐፊዋ ትጠብቃለች፣ ጓደኛ ይታዘባል። ሰው ለራሱ የገባውን ቃል ያፈርሳል እንጂ በሰው ፊት የገባውን አያፈርስም። ወለድ የለበትም። 12 ሰው በየወሩ 1,000 ብር ቢጥል፣ በየወሩ አንዱ 12,000 ብር ይዞ ይሄዳል። ለስፌት መኪና፣ ለትምህርት ክፍያ፣ ለቤት ዕቃ አንድ ላይ የሚወጣ ብር ለሚፈልግ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ብዙ ሰው ልብ የማይለው ግን እቁብ ለሁሉም እኩል አለመሆኑን ነው። እጣው መጀመሪያ የወጣለት ተበዳሪ ነው፤ መጨረሻ የወጣለት ቆጣቢ ነው። አንድ ዓይነት ብር እየጣሉ አንዱ ዕዳ ይከፍላል፣ ሌላው ሀብት ያጠራቅማል። ልምድ ያለው ነጋዴ ቀድሞ ወስዶ ዕቃ ያመጣበታል፣ ያተርፍበታል። የመጀመሪያ ሥራውን የያዘ ልጅ ቀድሞ ሲወስድ ግን የሚሆነውን በዓይኔ አይቻለሁ።

ባጃጅ የሚነዳ ልጅ ነበር። በሳምንት 500 ብር የሚጣልበት፣ 40 ሰው ያለበት እቁባችን ውስጥ ገባ። ዋሱ አክስቱ ናቸው፤ ሰኞ ገበያ በርበሬና ቅመም የሚሸጡ ሴት። እጣው በሦስተኛው ሳምንት ወጣለት፤ 20,000 ብር ቆጥሬ ሰጠሁት። በማግስቱ አዲስ ስልክ ይዞ አየሁት። ከዚያ በኋላ አምስት ሳምንት ጣለ፤ በስድስተኛው ባጃጁ ተበላሸ አለ፣ በሰባተኛው ስልኩን አጠፋ። የቀሩት 32 ሳምንታት አክስቱ ላይ ወደቁ። በየእሁዱ በርበሬው ጣታቸው ላይ እንዳለ መጥተው ከመቀነታቸው 500 ብር ይፈቱ ነበር። አምስት መቶዋ አንዳንዴ ባለ አሥርና ባለ ሃምሳ ብር ተቀላቅላ ነው። እኔ ደብተሩ ላይ በልጁ ስም ትይዩ ምልክት አደርጋለሁ፤ እሳቸው «አብሽሪ እቴ፣ ምን ይደረጋል» ይሉኛል። እንዲህ እያሉ 16,000 ብር ከፍለዋል።

ከዚያ ወዲህ አዲስ ወጣት ሲገባ ዋሱን ከመቀበሌ በፊት ልጁንም ዋሱንም አንድ ላይ አስቀምጬ እነግራቸዋለሁ። እቁባችንም አዲስ ገቢ በመጀመሪያው ዙር ከመጨረሻዎቹ 10 እጣዎች ብቻ እንዲወስድ ተስማምቷል። የምትገቡበት እቁብ እንዲህ ያለ ደንብ ከሌለው ራሳችሁ ጠይቁ፤ «የመጨረሻውን ስጡኝ» የሚል ሰው ሲገኝ ዳኛ ደስ ይለዋል እንጂ አይከለክልም። ዳኛው ማነው? ስንት ዙር አዙሯል? ያልጣለ ሰው ሲኖር ምን ይደረጋል? ጽሑፍ አለው ወይ? እነዚህን ሳታውቁ አትግቡ። እጣ መሸጥና መግዛትም አለ፤ እጣ የወጣለት ሰው ተራውን ብር ለቸገረው ይሸጣል። ገዢው የሚጨምረው ብር ሲሰላ ወለድ ማለት ነውና ጀማሪ አይጠጋው።

ለድንገተኛ ችግር ደግሞ እቁብ አይታመንም። ተራችሁ ሳይደርስ ብትታመሙ ዳኛውን መለመን ነው።

ባንክ

ባንክ ምንም አያስገድድም፤ ድክመቱ ይኸው ነው። ደመወዝ በገባበት ሂሳብ ላይ ካርድ ካለ፣ ብሩ ወር ሳይሞላ በሻይና በትራንስፖርት ያልቃል። መፍትሔው ሁለት ሂሳብ ነው፤ አንዱ ደመወዝ የሚገባበት፣ ሌላው ካርድም የሞባይል ባንኪንግም የሌለው፣ ለማውጣት ቅርንጫፍ ድረስ የሚያስኬድ። ሠራተኛ ሥራ ጥሎ ተሰልፎ ማውጣት ስለማይፈልግ ብሩ ይቀመጣል። በየወሩ ደመወዝ በገባ ቀን ከአንዱ ወደ ሌላው በራሱ እንዲዘዋወር ቅርንጫፉን መጠየቅ ይቻላል።

በክፉ ቀን ግን ባንክን የሚያህል አላየሁም። ጥቅምት 2014 መጨረሻ ላይ ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ ሰው የለበሰውን ለብሶ ነው የወጣው። እኔ የእቁቡን ደብተር በነጠላዬ ጠቅልዬ ይዤ ወጣሁ። ኅዳር መጨረሻ ላይ ከተማው ሲለቀቅ ተመልሰን ስናይ፣ ቤት ውስጥ ብር ደብቆ የሄደ ብዙ ሰው ባዶ ሳጥን ጠበቀው። የባንክ ቅርንጫፎችም ተዘርፈው ነበር፤ የሰው ሂሳብ ግን በመዝገብ ላይ ያለ ነውና አልጠፋም። ደብረ ብርሃንና አዲስ አበባ የደረሰ ሰው ከሌላ ቅርንጫፍ እያወጣ ልጆቹን አብልቷል። የእኛ እቁብ ተበትኖ ሂሳቡን ለማወራረድ ወራት ፈጅቶብናል።

ሌላም ዋስትና አለ። የተቀማጭ ገንዘብ መድን ፈንድ ተቋቁሟል፤ ባንክ ወይም ማይክሮፋይናንስ ቢወድቅ ለአንድ አስቀማጭ እስከ 100,000 ብር ይሸፍናል። የጀማሪ ቁጠባ ሙሉ በሙሉ በዚህ ውስጥ ያርፋል።

ወለድ ለማይፈልግ ሰው ከወለድ ነፃ አገልግሎት በመደበኛ ባንኮች መስኮትም አለ፣ ዘምዘምና ሂጅራን በመሳሰሉ ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነፃ በሆኑ ባንኮችም አለ። ሂሳብ ስትከፍቱ ዋዲዓ ነው ወይስ ሙዳራባ ብላችሁ ጠይቁ። ዋዲዓ አደራ ነው፤ ብሩ ይጠበቃል፣ ትርፍ የለውም። ሙዳራባ ባንኩ ሠርቶበት ካተረፈ በስምምነቱ መሠረት የሚካፈሉበት ነው። ብዙ ወጣት ልዩነቱን ሳያውቅ ይፈርማል።

ከ18 ዓመት በታች የሆነ ልጅ በወላጅ ወይም በሞግዚት በኩል ይከፍታል። ባንኮች አሁን ለአዲስ ሂሳብ የፋይዳ መታወቂያ ስለሚጠይቁ ልጁን ቀድማችሁ አስመዝግቡት።

የቁጠባና ብድር ማህበር

የገንዘብ ቁጠባና ብድር ህብረት ሥራ ማህበራት በአዋጅ ቁጥር 985/2009 መሠረት የሚቋቋሙ ናቸው። አባል ለመሆን መመዝገቢያ ይከፈላል፣ ዕጣ (እንደ እቁቡ ተራ ሳይሆን በማህበሩ ውስጥ ያለ የባለቤትነት ድርሻ) ይገዛል፣ በየወሩ የተወሰነ ብር ይቆጠባል። በመሥሪያ ቤት የተቋቋመ ከሆነ ብሩ ከደመወዝ ላይ ተቆርጦ ስለሚገባ ልጁ ሳያየው ይጠራቀማል። ማስገደዱ ከእቁብ የሚተናነስ አይደለም፣ የሰው ፊት ማየትም የለበትም።

ዋናው ጥቅሙ ብድሩ ነው። ለተወሰኑ ወራት ከቆጠባችሁ በኋላ፣ እንደየማህበሩ መተዳደሪያ ደንብ፣ የቁጠባችሁን እጥፍ ወይም ከዚያ በላይ ትበደራላችሁ። ወለዱ ከመንደር አበዳሪ ጋር የሚነጻጸር አይደለም፤ ትርፉም ዓመቱ ሲያልቅ ለአባላቱ ይከፋፈላል። ዋስ ግን ይጠይቃል። መደበኛ ቁጠባችሁን አባልነቱን ሳትለቁ ማውጣት ብዙ ጊዜ አይቻልም። ከላይ ያነሳሁት የመድን ፈንድም ማህበራትን አይሸፍንም።

ከመግባታችሁ በፊት አንድ ነገር ብቻ አጥብቃችሁ ጠይቁ፤ ያለፈው ዓመት ሂሳብ ኦዲት ተደርጓል ወይ? ለጠቅላላ ጉባኤ ቀርቧል ወይ? «እናያለን» የሚል መልስ ከተሰጣችሁ ደብተሩን ሳትቀበሉ ተመለሱ።

ስልክ

ቴሌብር ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ ኪሳችን ውስጥ ገብቷል። ለመላላክና ለመክፈል እወደዋለሁ። ከነሐሴ 2015 ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ በነበረ ጊዜ እንኳ *127# ብሎ መጠቀም ይቻል ነበር። ብር ማስቀመጫ አገልግሎትም አለው።

ለጀማሪ ቁጠባ ግን አልመክረውም። ብሩ ሌሊት አልጋ ላይ ሆናችሁም ሊወጣ ይችላል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ቁጠባውና ብድሩ አንድ ስልክ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ወጣቱ ሊቆጥብ ገብቶ ተበድሮ ይወጣል። የስልክ ብድር ትንሽ ስለሆነ ብድር አይመስልም። እንዲህ አስሉት፤ 2,000 ብር ተበድራችሁ በወሩ 2,160 ብር ብትመልሱ 160 ብር ቀላል ይመስላል። በወር 8 በመቶ ነው፤ በየወሩ እየደጋገማችሁ ብትወስዱት በዓመት 1,920 ብር ትከፍላላችሁ። ሁለት ሺህ ብር ለመያዝ ሁለት ሺህ ብር ልትከፍሉ ምን ቀራችሁ?

ሙዳይና እናት ዘንድ

ለትንሽ ልጅ ሙዳይ ይበቃዋል፤ ብሩ ሲበዛ ያያል፣ ሲከፍተው ይቆጥራል። ከ14 ዓመት በላይ ለሆነ ልጅ ግን ይቅር። እናት ዘንድ ማስቀመጥን በተመለከተ ለእህቴም በግልጽ ነግሬያታለሁ፤ የቤት ጉድለት ያለበት ቤት ውስጥ የተቀመጠ ብር ጉድለቱን ይሞላል፣ ልጅቷም ለእናቷ «ብሬን መልሺ» ማለት አትችልም። ለቤት የምትሰጠው ብር ቁርጥ ያለ ይሁን፤ በየወሩ ይሰጥ፣ ስጦታ ተብሎ ይሰጥ። ቁጠባው ደግሞ ሌላ ቦታ ይሁን። እህቴ ለጊዜው ከፍቷት ነበር፤ አሁን ተግባብተናል።

ባጭሩ ሲቀመጥ

| መንገዱ | ያስገድዳል? | ለድንገተኛ ጊዜ | በክፉ ቀን | ዕዳው የሚወድቅበት | ወለድ |
|---|---|---|---|---|---|
| እቁብ | በጣም | አይደርስም | ሊበተን ይችላል | ዋስ ላይ | የለም |
| ባንክ፣ ካርድ የሌለው ሂሳብ | ራስ ካላዘዘ አያስገድድም | በሥራ ቀን፣ ያኑ ዕለት | ይተርፋል | ማንም ላይ አይወድቅም | አለ፤ ከወለድ ነፃም ይገኛል |
| የቁጠባ ማህበር | ከደመወዝ ከተቆረጠ በጣም | በብድር፣ ቀናት ይወስዳል | እንደ አስተዳደሩ | ብድር ከተወሰደ ዋስ ላይ | አለ፤ ደንቡን ጠይቁ |
| ስልክ | አያስገድድም | ወዲያውኑ | ሂሳቡ ይተርፋል | ራስ ላይ | እንደ አገልግሎቱ |
| ሙዳይ | አያስገድድም | ወዲያውኑ | አይተርፍም | ማንም ላይ አይወድቅም | የለም |

መበደር ግድ ሲሆን

ወጣትን ከብድር ማራቅ ማለት ስለ ብድር አለመንገር አይደለም። ሕጉን ማወቅ አለበት። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን አንቀጽ 2479 መሠረት ሰው ለሰው ሲያበድር ሊስማሙበት የሚችሉት ወለድ በዓመት ከ12 በመቶ አይበልጥም። አራጣ ማበደር ደግሞ በ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ አንቀጽ 712 ያስቀጣል። መንደር ውስጥ «ከመቶ አሥር» የሚባለው በወር ነው። 10,000 ብር የወሰደ በየወሩ 1,000 ብር ይከፍላል፤ በ10 ወር 10,000 ብር ከፍሎ ዋናው ዕዳ እንዳለ ይቆየዋል። በሕጉ ጣሪያ ቢሆን ኖሮ ዓመቱን ሙሉ 1,200 ብር ብቻ ነበር። አበዳሪው ብዙ ጊዜ ወለዱን ከዋናው ጋር ደምሮ «15,000 ብር ተበድሬአለሁ» ብሎ ያስፈርማል። ከተቀበላችሁት በላይ በተጻፈበት ወረቀት ላይ ስማችሁን አታኑሩ።

የሱቅ ዱቤ የበለጠ ይለመዳል። ዩኒቨርሲቲው አካባቢ ባሉ ሱቆች ባለ መስመር ደብተር አለ፤ ሳሙና፣ ዳቦ፣ ካርድ እየተባለ በአንድ ተማሪ ስም ሥር ይሰለፋል። ባለሱቁ ደግ ሰው ሊሆን ይችላል። ተማሪው ግን ብር ከቤት ሲላክለት ግማሹ ያለፈው ወር ሆኖ ይጠብቀዋል። ዱቤ የምትወስዱ ከሆነ በራሳችሁ ደብተርም ያኑ ሰዓት ጻፉ፤ የሁለቱ ድምር ወር ሲሞላ አንድ መሆን አለበት።

ዋስ ሁን ሲባል ደግሞ አዲስ ሠራተኛ እምቢ ማለት ያፍራል። ዋስ መሆን ዕዳውን መፈረም ነው፤ ጓደኛው ካልከፈለ ከእሱ ደመወዝ ይቆረጣል። «ገና ሥራ ጀማሪ ነኝ፣ አልችልም» ማለት ነውር የለበትም። ወላጆች ይህን ቃል ልጆቻችሁን አለማምዱልኝ።

ለማን የቱ?

ለፋብሪካ ሠራተኛ፦ ቅድሚያ ካርድ የሌለው የባንክ ሂሳብ ውስጥ የሁለት ወር የቤት ኪራይና ምግብ የሚሸፍን ብር ይግባ። እሱ ሳይሞላ እቁብም ማህበርም አይጀመር። ከሞላ በኋላ ኦዲት የሚያደርግ የሠራተኞች ማህበር ካለ እሱን እመርጣለሁ፤ ከሌለ የምታውቁት ሰው የሚዳኘው ትንሽ እቁብ፣ የመጨረሻ እጣ። የእህቴ ልጅ በዚህ መንገድ ነው የጀመረችው፤ እቁቡን ከስድስት ወር በኋላ ትገባለች ብለናል።

በየቀኑ ብር የሚይዝ፣ ባጃጅ የሚነዳ ወይም ሸዋ በር ላይ ዕቃ የሚሸጥ ልጅ ወር አይጠብቅም፤ ብሩ ማታውን ያልቅበታል። ለእሱ ዕለታዊ ወይም ሳምንታዊ እቁብ ያስፈልገዋል፤ መጠኑ ግን ሥራ በጣም በቀዘቀዘበት ሳምንት ሊከፍለው የሚችለው ያህል ይሁን፤ በደህናው ሳምንት አያስላ። እጣው ሲወጣ ብሩ ያኑ ዕለት ባንክ ይግባ፤ ኪስ ውስጥ አይደር።

ለተማሪ፣ በወር 200 ብርም ቢሆን፣ በራሱ ስም የተከፈተ ሂሳብና ደብተር ይበቃል። ወላጅ ብሩን ወር ሙሉ አንዴ ከመላክ በየሁለት ሳምንቱ ቢልክ ልጁ ማከፋፈል ይለምዳል።

አሁን ዕዳ ውስጥ ያለ ወጣት ቁጠባ አይጀምር። ዕዳዎቹን በአንድ ገጽ ላይ ይጻፍ፤ ከጎናቸው በወር የሚያስከፍሉትን። ብዙ የሚበላውን አስቀድሞ ይዝጋ፤ አራጣው ከሱቁ ይቀድማል። በማህበር ወይም በዘመድ በኩል ተበድሮ አራጣውን መዝጋት ከቻለ ይዝጋው፤ ሌላ የስልክ ብድር ወስዶ ግን አይሞክረው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር በጽሑፍ እንዲረጋገጥ ይፈልጋልና፣ ክፍያውም በጽሑፍ ይሁን፤ በእጅ ከመስጠት በባንክ ማስገባት ይሻላል፣ ደረሰኙ ይቀመጥ። የመጨረሻዋን ብር የሚከፍል ቀን የፈረመበትን ወረቀት ሳይቀበል ከአበዳሪው ደጅ አይነሳ።